ርቀትን የሚሸከመው ማን ነው?

ዮሐን ሃይንሪሽ ፎን ቱነን የተባለ ጀርመናዊ ባለእርሻ እ.ኤ.አ. በ1826 ባሳተመው መጽሐፍ አንዲት ከተማ በሐሳቡ ፈጠረ። ከተማዋ ወንዝም ተራራም በሌለበት፣ አፈሩ ሁሉ እኩል ለም በሆነ ሜዳ መካከል ብቻዋን ተቀምጣለች። ገበሬው ምርቱን በጋሪ እየጫነ ወደ እሷ ያመጣል። እንዲህ ባለ አገር ምን የት ይበቅላል ብሎ ጠየቀ፤ ያገኘውም መልስ ከተማዋን የሚከቡ ቀለበቶች ሆነ። ወተትና አትክልት ቶሎ ስለሚበላሹ ከከተማዋ ጥግ ይሆናሉ። ቀጥሎ ደን ይመጣል፤ ከዚያ እህል፤ ከሁሉም ርቆ ግጦሽ። ደኑ ከእህሉ ቀድሞ መምጣቱ ለተማሪ እንግዳ ነው። ምክንያቱ ሲነገረው ግን ይገባዋል፤ ማገዶ ከባድና ርካሽ ስለሆነ ከሩቅ ከመጣ የመጓጓዣው ወጪ ዋጋውን ጠቅልሎ ይበላዋል።

የሰውና የባህል ጂኦግራፊ የሚያጠና ሰው ይህን ንድፍ ሳይማር አያልፍም። አዲስ አበባ ላይ የሚማር ደግሞ ከመጽሐፉ ቀና ብሎ ቀለበቱን በዓይኑ ሊያየው ይችላል። ሮናልድ ሆርቫዝ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጣው ጥናት የፎን ቱነንን ሐሳብ የፈተነው በዚህችው ከተማ ዙሪያ ነበር፤ የባሕር ዛፉንም ደን ከተማዋን ከቦ አገኘው። ሐሳቡ በጀርመን ሜዳ ከተጻፈ ከ140 ዓመት በላይ አልፎት ነበር። ዛሬ አያት ከተባለው የከተማዋ ምሥራቃዊ ሰፈር ሆኖ ወደ ሰሜን ምዕራብ ለሚመለከት ሰው ከካራ አሎ እስከ የካ ተራራ፣ ከዚያም እስከ እንጦጦ ማርያም የተዘረጋው ጥቁር አረንጓዴ መስመር የዚያ ቀለበት ቅሪት ነው።

ከዚህ ትምህርት እስከ ዛሬ አብሮኝ የሚኖረው የጋሪው ነገር ነው። በፎን ቱነን ስሌት ርቀት ወጪ ነው፤ ወጪውም በገንዘብ ይጻፋል። በእንጦጦ ቁልቁለት ላይ ግን ጋሪ አልነበረም። የእንጨቱን ርቀት የከፈለው የሰው ጀርባ ነው፤ በተለይም የሴት ጀርባ። ርቀት ሰዎች እርስ በርስ የሚከፋፈሉት ሸክም መሆኑን፣ ክፍፍሉም እኩል ሆኖ እንደማያውቅ የተረዳሁት በዚህ መንገድ ነው። ከተማርኩት ሁሉ አንዱን ብቻ ያዝ ብባል ይህን እይዛለሁ።

ክፍፍሉ የቆየ ታሪክ አለው። የጥንቱ ቤተ መንግሥት ለብዙ ዘመን ድንኳን ነበር። ሰፈሩ በአንድ ቦታ ሲቆይ የዙሪያው እንጨትና ስንቅ ያልቃል፤ ሲያልቅ ድንኳኑ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ይተከላል። ሆርቫዝ በዚያው በ1969 ሌላ ጽሑፍ የጻፈው ስለነዚህ ተንቀሳቃሽ ዋና ከተሞች ነበር። ምኒልክ ከእንጦጦ አምባ ወርደው አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላም ያው ችግር ደረሰ። የተራራው ጥድና ወይራ ተመናመነ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማቸውን ወደ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ግንባታ አስጀመሩ። ከተማዋ ባለችበት እንድትቀር ከረዱት ነገሮች አንዱ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። የአውስትራሊያ ምድር ዛፍ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ቀድሞ ከተማው ወደ እንጨቱ ይሄድ ነበር፤ ከባሕር ዛፍ ወዲህ እንጨቱ ወደ ከተማው ይመጣ ጀመር።

የጉዞው አቅጣጫ ተገለበጠ፤ ተሸካሚው ግን አልተለወጠም። በተንቀሳቃሹ ሰፈር ዘመን ድስቱንና ዱቄቱን፣ ጠጁንና የወጥ ቤቱን ዕቃ ተሸክመው በእግር ይከተሉ ከነበሩት ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ሰፈሩ ከተማ ሆኖ ሲረጋ ሴቶቹ አልረጉም። ከእንግዲህ ጉዞው የየዕለት ሆነ፤ ማለዳ ወደ ተራራው፣ ከሰዓት ወደ ገበያው። ስለ ከተማ አመሠራረት በሚተርኩ መጻሕፍት ባሕር ዛፍ የአዲስ አበባ አዳኝ ተብሎ ይወደሳል። ውዳሴው ይገባዋል። ነገር ግን ዛፍ በራሱ ከተራራ አይወርድም፤ አዲስ አበባን ባለችበት ያቆማት ዛፉና አውራጁ አንድ ላይ ናቸው፤ የሁለተኛው ስም ግን አልተጻፈም።

የእንጦጦን እንጨት ተሸካሚ ሴቶች የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ አብዛኛው ግን የሚያውቃቸው ከመኪና መስኮት ነው። ከቤታቸው የሚወጡት ሳይነጋ ነው። ጭራሮ ይለቅማሉ፣ የረገፈውን ቅጠል ይጠርጋሉ፣ የደን ጠባቂውን ዓይን ይፈራሉ። ከዚያ የለቀሙትን ጠፍረው ያስሩትና ገመዱን በደረታቸው አሻግረው በጀርባቸው ያነሱታል። እስሩ ከ30 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ከተሸካሚዋ ቁመት የሚበልጥ ስለሆነ ከኋላ ሲያዩት በራሱ የሚሄድ ጭራሮ ይመስላል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ጫካ ተነስተው 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው ሰፈር ይወርዳሉ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ባልገባበት ቤት ሁሉ፣ መብራት በሄደ ቁጥርም በየጓሮው፣ የከተማው እንጀራ የሚጋገረው በዚህ ቅጠልና ጭራሮ ነው።

ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚያስወርደው መንገድ ላይ አንዲት እናት ሸክማቸውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው ሲያርፉ አግኝቼ ዳገቱ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

“ዳገቱማ ምን አለው ልጄ፣ ባዶ እጄን ነው የምወጣው” አሉኝ። “የጎዳኝ ቁልቁለቱ ነው። ጉልበቴን የበላው እሱ ነው።”

የከፍታ መስመሮች የተሰመሩበትን ካርታ ማንበብ ስንማር መስመሮቹ በተቀራረቡበት ቦታ ዳገቱ ይብሳል፣ መውረዱ ግን ይቀላል ብለን ነበር የምናስበው። የእኚህ እናት ጉልበት የሚያውቀው ሌላ ምድር ነው። ሸክም ያለበት ሰው ካርታ ከባዶ እጅ ሰው ካርታ ይለያል፤ የታተመልን ደግሞ የባዶ እጁ ነው። ከሸክም ጋር የተሠራ የእንጦጦ ካርታ ቢኖር ሽቅቡና ቁልቁሉ ቦታ ይለዋወጡ ነበር፤ ማረፊያ ድንጋዮቹም እንደ ከተማ ትልቅ ነጥብ ይሰጣቸው ነበር።

እንጦጦ ላይ እየተራመደ ርቀትን በፈቃዱ የሚሸከም ሰውም አለ፤ እሱን መዘንጋት አይገባም። በዚያው ጥርጊያ መንገድ ላይ ማለዳ ሦስት ዓይነት ሰው ይገናኛል። ሳንባውን በቀጭኑ አየር ለማጠንከር የሚሮጥ አትሌት አለ። ወደ እንጦጦ ማርያም ጸበል በእግሩ የሚወጣ ሕመምተኛ ወይም ተሳላሚ አለ፤ መኪና ቢያገኝ እንኳ ድካሙን የስለቱ ክፍል አድርጎ ስለሚቆጥረው ይተወዋል። ሦስተኛዋ እንጨት ተሸካሚዋ ናት። ምድሩ አንድ ነው፣ አየሩ አንድ ነው፣ ላቡም አንድ ዓይነት ነው። ለአትሌቱ ርቀቱ ኃይል ይሰጠዋል፤ ለተሳላሚው ጸሎቱ ነው። ለሴትዮዋ ግን ሌላ ሰው ሊከፍለው ያልፈለገው ሂሳብ ነው። ስለዚህ ርቀት ሁሉ ክፉ ነው ማለት አልችልም። የምጠይቀው መረጥከው ወይስ ተጣለብህ የሚለውን ነው፤ ይህን ጥያቄ የሜትር መለኪያ አይመልሰውም።

ወደ አያት ልመለስ። አያት ዛሬ በምሥራቅና ምዕራብ የባቡር መስመር ጫፍ ላይ ናት። መስመሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር እስከ ጦር ኃይሎች ያለው ጉዞ እንደ ርቀቱ ከ2 እስከ 6 ብር ይከፈልበት ነበር። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ እዚህ የጤፍና የስንዴ ማሳ ነበር። መጀመሪያ የሪል እስቴት ቪላዎች መጡ፤ ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ የጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ደግሞ በአያትና በየካ አባዶ ብሎኮቹን ደረደረ። ትንሽ እልፍ ሲባል ለገጣፎ ነው፤ የከተማ አስተዳደሩና የኦሮሚያ ክልል ወሰን በሰፈሮቹ መካከል ያልፋል። በቅርብ ዓመታት ለሚ ኩራ የተባለ አዲስ ክፍለ ከተማ ከየካና ከቦሌ ተቆርሶ ሲቋቋም የአካባቢው ሰው ከቤቱ ሳይንቀሳቀስ መታወቂያ የሚያወጣበት ቢሮ ተቀየረበት። ወሰን የሚያሰምረው ሰው ብዕሩን አንድ ጣት ሲያዞር የአንድን ሽማግሌ የታክሲ ሰልፍ እያስረዘመ ወይም እያሳጠረ መሆኑን ማወቅ አለበት።

ኮንዶሚኒየሙ በዕጣ ነው የተሰጠው። ዕጣ ፍትሐዊ ነው፤ ፊት አይቶ አያዳላም። ግን ጎረቤትንም አያውቅም። በአራት ኪሎ፣ በካዛንቺስ ወይም በፒያሳ ግድግዳ ተጋርተው የኖሩ ሰዎች አንዱ አያት፣ አንዱ ጀሞ፣ ሌላው ኮዬ ፈጬ ይደርሰዋል። ይህ ለእኔ የባህል ጂኦግራፊ ትልቁ ምዕራፍ ነው፤ ምክንያቱም የቀድሞው ሰፈር የራሱ ወሰን ነበረው፤ ወሰኑንም ያሰመረው ማዘጋጃ ቤት አልነበረም።

ያሰመረው እድር ነው። በድሮው ሰፈር ሰው ሲሞት ጥሩምባ ነፊው ሌሊት ተነስቶ ይዞራል። ስም ይጠራል፤ የቀብሩን ሰዓት ይናገራል። አንድ ሰው ሳይነጋ በእግሩ ዞሮ ሊጨርሰው የሚችለው ያህል፣ ጥሩምባውም ከእንቅልፍ ሊቀሰቅስ የሚችለው ድረስ፣ ሰፈሩ ያ ነበር። ከጥሩምባው ድምፅ ውጭ ያለ ሰው ከሌላ እድር ነው። በሰው እግርና በሰው ትንፋሽ የተለካ ወሰን ነውና ከዚህ የተሻለ የሰፈር ትርጉም በየትኛውም የመማሪያ መጽሐፍ አላነበብኩም። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ትልልቁ ብረት ድስት በዚያ ወሰን ውስጥ ካለ ቤት ይቀመጣል፤ ሐዘንተኛው ሦስት ቀን እሳት ሳያነድ የሚበላው ከዚያ ወሰን በሚመጣ መሶብ ነው።

አያት የገቡ ብዙ እናቶችና አባቶች የድሮ እድራቸውን አልተዉም። ለምን ብሎ የሚጠይቅ ወጣት ይኖራል፤ በብሎኩም እድር ተቋቁሟል፣ ኮሙናል የሚባለው የጋራ ቤትም ለለቅሶ ይሆናል። አዲሱን እድር ይገቡበታል፤ የድሮውንም ይከፍላሉ። ወርኃዊ መዋጮው ቀላል ነው። ከባዱ ለቅሶ ሲሆን መድረሱ ነው። ከአያት አራት ኪሎ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መኪና ላለው ሰው ይህ ምንም አይደለም። የ70 ዓመት ሴት ግን በጠዋት ተነስታ ባቡር ትጠብቃለች፣ መገናኛ ላይ ወርዳ ታክሲ ትሰለፋለች፣ ደግሞ በእግሯ ትሄዳለች፤ ከቀብር ወደ ለቅሶ ቤት፣ በሠልስቱም እንደገና። ቶርስተን ሄገርስትራንድ የተባለ ስዊድናዊ ጂኦግራፈር እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ የቦታ ሳይንስ ሰዎቹን ረስቷል ብሎ ሲከራከር ያነሳው ሐሳብ እዚህ ላይ ይሠራል። ሰው አይከፈልም፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ሊሆን አይችልም። ቀኑ 24 ሰዓት ነው። አንዳንድ ነገር ደግሞ ከሌሎች ጋር በአንድ ቦታና ሰዓት ካልተገኙ አይሆንም። ቀብር እንደዚህ ነው። በስልክ አይደረስም፤ ነገ ልምጣ አይባልም። ስለዚህ የእኚያ ሴት ቀን ከብዙ ቦታ ተቆርጦ ለአንድ ቦታ ይሰጣል። ይህም ሸክም ነው፤ ነገር ግን እሳቸው እንደ ተሳላሚው ናቸው፣ ሊጥሉት አይፈልጉም። ግማሹን የመረጡት፣ ግማሹን ዕጣ የጫነባቸው ነው። እንዲህ ያለውን ድብልቅ ምን ብለን እንደምንመዘግበው ጂኦግራፊ ገና ቃል ያላገኘለት ይመስለኛል።

ወደ ላይ የሚሄድም ርቀት አለ። የኮንዶሚኒየሙ ብዙ ብሎክ መሬቱን ይዞ አምስት ወለል ነው፤ አሳንሰር የለውም። ከአያት በስተ ምሥራቅ፣ በሰንዳፋ መንገድ፣ ከ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ለከተማው ውሃ የሚያጠራቅመው የለገዳዲ ግድብ አለ። ውሃው እዚህ ቅርብ ነው። ተራው ሳይደርስ ሲቀር ግን ቢጫው ጀሪካን በሰው ትከሻ አራተኛ ፎቅ ይወጣል። ለግድቡ ጎረቤት መሆንና ውሃ ማግኘት አንድ አለመሆናቸውን ለማወቅ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ ወደ አንድ ከባድ ጉዳይ ያመራኛል። የደሴ መንገድ ከሰንዳፋ ተነስቶ በለገጣፎ፣ በካራና በኮተቤ በኩል ወደ ከተማ ይገባል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ ይህ መንገድ ነበረ፤ መኪናም ነበረ። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው በአገር ደረጃ የነበረው ምርት ያን ያህል አልወደቀም፤ ከዚያም አልፎ እህል ከወሎ እየወጣ ወደ አዲስ አበባ ይጫን ነበር። የወሎ ገበሬ ሰብሉ ሲጠፋበት መግዣ ገንዘቡም አብሮ ጠፋ። እህሉ ደግሞ ገንዘብ ወዳለበት ሄደ። በካርታ ላይ ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለእህሉ ግን ቅርብ ነበር። ለተራበው ሰው ገበያው ውስጥ የቆመው ኩንታል ከሁሉ የራቀ ነገር ነበር።

ይህን ነገር በአገራችን ማስረጃ ያስተማረን ጂኦግራፈር ነው። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ ክፍል ኃላፊ የነበሩ፣ የኢትዮጵያን አትላስ ያዘጋጁ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 ባለው ዘመን የገጠሩ ሕዝብ ለረኃብ ስለመጋለጡ ባጠኑት መጽሐፍ ድርቅንና ረኃብን ለይተው አስቀመጡ። ዝናብ ይቀራል፤ ሰው የሚራበው ግን ዝናብ ስለቀረ ብቻ አይደለም። ገበሬው ያመረተውን የሚወስድበት፣ ለክፉ ቀን ምንም የማያስቀርለት ሥርዓት ስላለ ነው። አትላስ የሠራ ሰው እዚህ መድረሱ አያስደንቀኝም። ዝናቡን፣ አፈሩንና ከፍታውን ሁሉ በካርታ ካሰፈረ በኋላ ረኃቡ ከእነዚህ በአንዱም ብቻ የማይገለጽ ሆኖ ያገኘዋል። በ1984 ዓ.ም. የሰብአዊ መብቶች ጉባኤን ከመሠረቱት ዋናው ሆነው የተገኙትም ጂኦግራፊውን ትተው አይመስለኝም፤ እስከ መጨረሻው ተከትለውት ነው። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ ብዙው ሰው ያነሳው ፖለቲካቸውን ነበር። እኔ ግን ተማሪዎቻቸው የሆንን ሁሉ፣ ክፍላቸው ያልገባንም ጭምር፣ የምናነሳው አትላሱን መሆን አለበት እላለሁ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አያት ላይ በጣም የራቀው ሰው ማን ነው ብዬ እጠይቃለሁ። ከአራት ኪሎ የመጡት እናት አይደሉም። ከሁሉ የራቀው አንድ ሜትር እንኳ ያልተንቀሳቀሰው ነው። ከተማው እየሰፋ ሲመጣ መሬታቸው የተወሰደባቸው ገበሬዎች አንዳንዶቹ እዚያው አካባቢ ቀርተዋል፤ በቀድሞ ማሳቸው ላይ በሚቆም ሕንፃ የጥበቃ ሥራ የያዙ አሉ። ሕጉ ርቀታቸውን በገቢ ለክቶታል። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት መሬቱን ለዘለቄታው ያጣ ገበሬ ካለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው አሥር እጥፍ ካሳ ነበረው፤ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ 15 እጥፍ ሆነ። መሻሻሉ እውነተኛ ነው። ግን ስሌቱ የሚያውቀው ምርቱን ነው። አውድማው ላይ በደቦ የተሰበሰበውን ወዳጅ፣ ልጁ እሱን እያየ የሚማረውን ሙያ፣ ሌሊት የትኛው ውሻ የማን እንደሆነ በጩኸቱ የሚለይበትን እውቀት አያውቅም። ይህ እውቀት ቦታው ላይ ካልሆነ የትም አይሠራም፤ አሁን ቦታው ላይ ሆኖም አይሠራም። ፎን ቱነን ገበሬው በጋሪ ወደ ከተማ ይሄዳል ብሎ ነበር፤ ከተማው ወደ ገበሬው ሲመጣ የጋሪውን ወጪ ማን እንደሚከፍል አላሰበም።

በአያት ካርታ ላይ የባቡሩ ፌርማታ፣ አደባባዮቹና የኮንዶሚኒየሙ ብሎክ ቁጥሮች አሉ። አውድማዎቹ የነበሩበት ቦታ፣ የእድር ድንኳን የሚተከልበት ባዶ ሜዳ፣ ከካራ አሎ የሚወርደው የእንጨት መንገድና ማረፊያ ድንጋዮቹ የሉም። እነዚህን በእግር ዞሮ፣ ጠይቆና ለክቶ በካርታ ማስፈር ለአንድ ክፍል ተማሪዎች የአንድ ሴሚስተር ሥራ ነው፤ የሚጠይቀውም ወረቀት፣ ስልክና ትዕግሥት ብቻ ነው። መዘግየት የለበትም፤ የሚያውቁት ሰዎች እያረጁ ነው። መጀመሪያ ሊጠየቁ የሚገባቸውም በግንባታዎቹ በር ላይ ጋቢ ለብሰው የሚያድሩት አባቶች ናቸው።